የእኛም መምህርት ነበሩ፦ ስለ መምህርት ያለምወርቅ ቢተው ዕረፍት ከምሥራቅ በር ትምህርት ቤት

የምሥራቅ በር የመጀመሪያና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማኅበረሰብ፣ ለሃያ ስድስት ዓመታት የክወናና እይታ ጥበባት መምህርት የነበሩት ያለምወርቅ ቢተው ባደረባቸው ሕመም ግንቦት 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በመለየታቸው የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል። መግለጫችን አምስት ቀን ዘግይቷል። በቁይ ከተማ የሚገኘው ትምህርት ቤት የራሱን የሐዘን መግለጫ ያወጣው በማግስቱ ሲሆን፣ ርእሱም «መምህራችን አረፉ» የሚል ነበር። በቁይ ያስተማሩት ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ያውም ለአንድ ዓመት ከሦስት ወር ብቻ እንደነበረ ለመዝገብ ያህል እናስታውሳለን።

መምህርት ያለምወርቅ በ1967 ዓ.ም. በደምበጫ ተወለዱ። የመምህርነት ሥልጠናቸውን ደብረ ማርቆስ አጠናቀው በ1989 ዓ.ም. በትምህርት ቤታችን ሥራ ጀመሩ። የቤተ መጻሕፍቱን የግድግዳ ካርታ፣ የወላጆች በዓል መድረክን ሥዕል፣ በየክፍሉ በር ላይ ያለውን ቁጥር ሳይቀር የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሁሉም ዛሬም በግቢያችን ይገኛሉ፤ ወደ ቁይ የሄደ የለም።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከአንድ የመምህራን ሥልጠና ሲመለሱ፣ ሳዮኮ ናሩሴ የምትባል የዘመናችን ጃፓናዊት ሠዓሊ ሥራዎችን ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ሠዓሊዋ ሊፈርሱ በተቃረቡ ቤቶች በርና ግድግዳ ላይ ስስ ወረቀት ዘርግታ በከሰል ታሻለች፤ የእንጨቱ ጅማት፣ የምስማሩ ራስ፣ ጭረቱ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። መምህርቷ ይህንኑ ለአምስተኛ ክፍል አስጀመሩ። ልጆቹ ከየቤታቸው ከሰል እያመጡ የክፍላቸውን በር፣ የወፍጮ ድንጋይ፣ አሮጌ ሞፈር ሳይቀር አሹ።

በጥር 2014 ዓ.ም. ጉዳዩ ለትምህርት ክፍሉ ቀረበ። የክፍሉ ኃላፊና የዚህ መግለጫ አርቃቂ መምህር ደመላሽ አንሙት፣ ሥዕል በዓይን ታይቶ በእጅ የሚሠራ እንጂ ከነገር ላይ የሚገለበጥ አይደለም ሲሉ አጥብቀው ተከራከሩ። ቃለ ጉባኤውም ሥራውን በፈተና ላይ በምንጠቀምበት ቃል «ኩረጃ» ብሎ መዘገበው። መምህርቷም «ልጁ የሚኮርጀው ከቤቱ በር ነው፤ በሩ ካልከሰሰው እናንተ ለምን ትከሱታላችሁ?» ብለው ተቀመጡ። በዚያ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ምዘናቸው ላይ፣ «የተማሪዎችን ፈጠራ ማበረታታት» በሚለው ተራ ከአምስት ሁለት ተሰጣቸው። ከሰልም ወደ ግቢያችን እንዳይገባ ተከለከለ።

ከየካቲት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዕረፍት ቀናቸው በሚኒባስ ወደ ቁይ ይመላለሱ ጀመር። የዚያ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ወይዘሮ ታየች ከሰሉን በራሳቸው ጆንያ አስመጥተው እንደጠበቋቸው ሰምተናል። ደግ አድርገዋል ለማለት ጊዜ ወስዶብናል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የቁይ ልጆች ሥራዎች በከተማችን አዳራሽ ለሕዝብ ቀረቡ። የልጆቹ ሥራዎች ፎቶግራፍ የደረሳት ጃፓናዊቷ ሠዓሊም ደብዳቤ ላከችላቸው፤ ወለተ ሰንበት የምትባለው ተማሪ ያሸችውን የጎተራ ክዳን ደጋግማ እንዳየችው ጽፋለች። የትምህርት ቤታችን ስም በአንዱም ወረቀት ሥር አልነበረም። መምህር ደመላሽ ስሙን ፍለጋ አዳራሹን ሦስት ጊዜ ዞረዋል። ቀንተናል። ይህን በጨዋ ቃል ለመግለጽ ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ሌላ ቃል አላገኘም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው በእኛ ደርሷል።

በደምበጫ በተፈጸመው የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ልዑካናችን የአበባ ጉንጉን ይዘው ሲደርሱ፣ የቁይ ልጆች ወረቀቶቻቸውን በድንኳኑ ዙሪያ ሰቅለው ከቤተሰቡ ጎን ተቀምጠው ነበር። የመምህርቷ አክስት ወይዘሮ ሙሉዬ ወደ እኛ ዞረው «እናንተስ የማን ወገን ናችሁ?» ሲሉ ጠየቁ። የሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ባልደረቦቻቸው መሆናችንን ነገርናቸው። ቦታ አስለቀቁልን፤ እኛ ግን ቀና ብለን መቀመጥ አልቻልንም።

ከቀብሩ መልስ፣ ያኔ ሥራው የተቋረጠባቸው አርባ ሦስት ተማሪዎቻችን ከሰሉ እንዲፈቀድላቸው ፈርመው ማመልከቻ አስገቡ። ክልከላው ተነሥቷል። የቀረን የሚያስተምር ሰው ነው። መምህር ደመላሽ በቢሯቸው በር ላይ ራሳቸው ሞክረው ሦስት ወረቀት ቀደዋል፤ ወረቀቱን ሳይቀድ እጅ ምን ያህል መጫን እንዳለበት የሚያውቁት አሁን የቁይ ልጆች ብቻ ናቸው።

ለመላው ቤተሰባቸው፣ ለወዳጅ ዘመዶቻቸውና ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልን፤ ነፍሳቸውንም ይማርልን። ለቁይ ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች መጽናናትን እየተመኘን፣ በሐዘን መግለጫ ላይ ልማድ ያልሆነ አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። አርባ ሦስቱን ልጆቻችንን ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀብላችሁ ልጆቻችሁ ያስተምሩልን። መምህር ደመላሽም አብረው ይመጣሉ፤ የሚመጡት ሊቆጣጠሩ ሳይሆን ሊማሩ ነው።

የምሥራቅ በር ትምህርት ቤት
ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.