«አልሐምዱሊላህ» በእንግሊዝኛ

ሰኞ

ጉድ ሆንኩ። ገና በመጀመሪያ ቀኔ፣ ሦስተኛው በሽተኛ ላይ ተዋረድኩ።

ወልድያ ለጥቂት ወራት ለመጡ የውጭ ሐኪሞች አስተርጓሚ ሆኜ አንድ ሆስፒታል ገብቻለሁ፤ ለሙከራ። ሐኪሟ አንዱን አዛውንት ገበሬ «አንደር ዘ ዌዘር» ነዎት ወይ ብላ ጠየቀች። እኔ ሆዬ ቃል በቃል፣ ከአየሩ በታች ነዎት ወይ አልኳቸው። ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና «ታዲያ ከየት ልሆን ኖሯል?» አሉኝ። ለካ ያምዎታል ወይ ማለት ነው። ኃላፊያችን ሲስተር አስቴር ከጥግ ሆና ሁሉንም አይታለች።

ዓርብ ከእኔና ከአንዲት ሌላ ልጅ አንዳችንን መርጣ ትቀጥራለች። ዲግሪዬን ታቅፌ መርሳ ከተማ ያለ ሥራ ከተቀመጥኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ይህን ካጣሁ እንጃልኝ።

ማክሰኞ

ሚኒባስ ውስጥ ያጠናሁት፦
ፒስ ኦፍ ኬክ፦ ቀላል ነው ለማለት። ኬኩን ያየ የለም።
«እግሬ ቀዘቀዘ»፦ ፈራሁ ለማለት። ይኸኛው ለእኔ የተሠራ ነው።

ፈሊጡስ ይጠናል። የከበደኝ አረፍተ ነገሩ ነው። እነሱ ግሡን ቶሎ ይናገሩታል፣ እኛ መጨረሻ ላይ። በሽተኛው ስለ ማሽላው፣ ስለ ልጁ፣ ስለ መንገዱ አውርቶ እስኪጨርስ «አመመኝ» ይበል «አላመመኝም» ይበል አላውቅም። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። ላብ በላብ ሆንኩ።

ከምሳ በኋላ ሲስተር ጠራችኝ። «ከራስሽ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። የተባለውን ብቻ።» እሺ አልኩ።

ረቡዕ

አንድም ቃል አልተሳሳትኩም። ግን ደስ አላለኝም።

እማማ ሐሊማ የሚባሉ ከሀብሩ ገጠር መጡ። ሐኪሟ ሕመሙ እንዴት ነው አለች። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ አሉ። ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ናቸው ብዬ አስተላለፍኩ። ሆዳቸውን ዳበስ ስታደርግ ትንፍሽ አላሉም። የጨጓራ ክኒን ተጽፎላቸው ወጡ። ሲወጡ የበሩን መቃን ይዘው ቆም ሲሉ አይቻለሁ። እናቴም እሳት ላይ ቆማ አልሐምዱሊላህ የምትል ሴት ናት። ሲስተር አጠገቤ ስለነበረች እያወቅኩ ዝም አልኩ።

ወደ መርሳ ስመለስ እማማ ሐሊማ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ እጥፍ ብለው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና እንደ ጎረቤት ጠየቅኳቸው። «ሌሊት ያስተኛዎታል?»

«አላህ ምን ይሳነዋል ልጄ፤ ጎኔን ካሳረፍኩ ሳምንቴ» አሉ።

ነገ አብረን ሆስፒታል እንመለስ አልኳቸው። ሰው አላስቸግርም ብለው እምቢ አሉ። በስንት ልመና እሺ አሉኝ።

ሐሙስ

ወረፋ ሳንጠብቅ ይዣቸው ገባሁ። ሲስተር አፈጠጠችብኝ። እግሬ ቀዘቀዘ፣ በእነሱ አነጋገር።

ለሐኪሟ፣ ትናንት ቃላቸውን እንጂ ሕመማቸውን አልነገርኩሽም አልኳት። እኛ ዘንድ ምስጋናው ይቀድማል፤ ሕመሙ ካልተፈለገ አይወጣም። ግሡ ሁሉ መጨረሻ ላይ እየገባብኝ እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ። ግን ገባት። ደግማ መረመረቻቸው፣ በማሽን ታዩ፣ ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሕክምና ገቡ። ሐሞታቸው ነው፤ ሊፈነዳ ደርሷል።

ሐኪሟ ከቀዶ ሕክምናው ስትወጣ፣ የነገርኳት የሚኒባሱ ጥያቄ በአማርኛ እንዴት እንደሚባል በእንግሊዝኛ ፊደል አስጻፈችኝ። ሲስተር አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ። «አትጨምሪ ብዬሽ ነበር።»

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ዓርብ

ተረፉ።

ሐኪሟ እኔን ሳትጠብቅ አልጋቸው ላይ ጎንበስ አለችና ከወረቀቷ አነበበች። «ሌሊት… ያስተኛዎታል?»

እማማ ሐሊማ ፈገግ አሉ። «ተኛሁ ልጄ። አልሐምዱሊላህ።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። ፊታቸውን አየሁ፤ ደግሜ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ሳልጨምር ሳልቀንስ የተባለውን ብቻ ነገርኳት። ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሰምታ ስታበቃ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ማን እንደምትቀጠር ውሳኔው ወደ ሰኞ ተገፍቷል። ዛሬ ግን እኔም እተኛለሁ።