ከቀሚሴ ሥር የታሰረው ማግኔት

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

ጤናሽን ሳልጠይቅ ከጎረቤታችን ጉልበት ብጀምር አትቀየሚኝ፤ ወሬዬ ሁሉ የሚነሳው ከእሱ ነው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ተሽሏታል፣ ደረጃውን እንደ ሚዳቋ ነው የምትወጣው። ልጇም ወልዳለች፤ ሕፃኑ ቁርጥ አያቱን ነው፣ አፉ አይዘጋም። አንቺስ ልጄ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል? ሥራሽን ትተሽ እናትሽ ቤት ከገባሽ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋብኝ።

ጎረቤታችን ተሻለኝ የምትለው ትንንሽ ማግኔት በተሰፋበት የጉልበት ማሰሪያ ነው። ደረጃ ስወጣ ማቃሰቴን ሰምታ አንዱን ሰጠችኝ፤ ከቀሚሴ ሥር አሰርኩት። ለማንም አልተናገርኩም። የጽዳት ኃላፊያችን፣ እትዬ፣ ማረፍ አልናፈቀዎትም ወይ እያለ የሚቀልድ ሰው ነው፤ ማነከሴን ቢያይ ቀልዱን እውነት ያደርገዋል።

እኔ የማጸዳው የላቦራቶሪሽ በር ላይ ብረትና ማግኔት ክልክል ነው ይላል። የያዝሽው ነገር አለ ስትይኝ፣ ከቁልፌ በቀር ምን አለኝ ብዬ ቁልፌን ደጅ አስቀምጬ እገባ ነበር። በምሳ ሰዓት በርሜል ከሚያክለው ማቀዝቀዣ አጠገብ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፤ አንቺም እየበላሽ ታስረጂኛለሽ። እዚህ ማቀዝቀዣ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሁለት ነጠብጣቦች አሉ፣ ኳንተም ዶት የምትያቸው፤ በእያንዳንዳቸው አንድ ኤሌክትሮን ይቀመጣል፤ ልፋታችን ሽክርክሪቱን ሳይረሳ እንዲቆይ ነው፤ ዙሪያው ያሉት አተሞች ግን እየነካኩ ያስረሱታል አልሽኝ። ሁለቱን ስናጣምራቸው የአተሞቹ ግፊት እኩል ስለሚነካቸው ይጸናሉ ስትይ፣ እንደ ባልና ሚስት በያቸዋ፣ ጎረቤት ካላበጣበጣቸው ብዬሽ እስኪያንቅሽ ሳቅሽ። ለካ የምታበጣብጣቸው ጎረቤት እኔው ነበርኩ።

ጉንፋን ጥሎኝ ቤት የተኛሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል? አክስቴ፣ ቆየልኝ፣ ቆየልኝ ብለሽ ደወልሽ፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ እልል አልኩ። ድኜ ስመለስ ተበላሸ። አለቃሽ ፕሮፌሰሩ በሰው ፊት፣ ያንን ውጤት ከየት አመጣሽው ሲልሽ ኮሪደሩን እየወለወልኩ ነበር። አላወቅኩም ብዬ ብምልልሽ በወደድኩ። ግን የበሩን ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ጉልበቴን ያቃጥለኝ ነበር። እንጀራዬን ፈርቼ ዝም አልኩ። እጄ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም ብለሽ ሻንጣሽን ስታዘጋጂ፣ ልብስሽን እያጣጠፍኩ ያቀበልኩሽ እኔ ነኝ። ምን ዓይን አለኝ ልጄ?

ሰኞ ዕለት ማሰሪያውን ፈትቼ ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ወስዶ ወንበሬ ላይ አስቀመጠውና ሽክርክሪቱን በመሣሪያው ለካ፤ ተበላሸ። አወጣው፤ ቆየ። ልጅቷ አልዋሸችም አለ። ትመለስ፣ ራሴ ይቅርታ እጠይቃታለሁ አለ። እኔን ምን እንዳለኝ አትጠይቂኝ።

የጀመርሽውን ያስጨርስሽ፤ እጅሽን ይባርከው። ይቅር ባትዪኝም ሂጂና ቦታሽን ያዢ።

ትናንት ጎረቤታችን የልጅ ልጇን አዝላ ብቅ ብላ ነበር። በሥራ ቀን ቤት ምን ትሠሪያለሽ አለችኝ። ፀሐይ እየሞቅኩ ነው አልኳት። ማሰሪያውንስ ምነው ፈታሽው፣ ጉልበትሽ ዳነ ወይ አለችኝ።

አሁንማ የምወጣው ምን ደረጃ አለኝ አልኳት።

አንገቷን የደፋችው
አክስትሽ