ግድግዳዎ ላይ ስለምትስቀው ልጄ

ለተከበሩ የሕፃናት ጥርስ ክሊኒክ ዋና ሐኪም፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ ከጥርስዎም አንድ አይጉደልብዎ። እኔ ከክሊኒክዎ ፊት ለፊት ያለሁት ፀጉር አስተካካይዎ፣ «ጥርሰ ጤናማ» ተብላ ፎቶዋ ግድግዳዎ ላይ የተሰቀለው የሰባት ዓመት ልጅ አባት ነኝ። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. የልጆችን ጥርስ መቦርቦር ለማወቅ በመስታወት ማየት ይሻላል ወይስ ራጅ ማንሳት ብለው ጥናት ሲጀምሩ፣ የእኔንም ልጅ ስላልናቁብኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እሷም ስለምትወድዎ አፏን ወለል አድርጋ ከፈተችልዎ።

፪. መስታወቱ ምንም አላየም፤ እርስዎም ሸለሟት፣ ፎቶ አነሷት። በዚያው ጠዋት የተነሳው ራጅ ግን ሁለት መንጋጋ ጥርሶቿ በሚነካኩበት በኩል መቦርቦራቸውን አሳየዎት። ንጽጽሩ እንዳይበላሽ ብለው ራጁን መሳቢያዎ ውስጥ ቆለፉበት። ጥናቱ በሰላም በመጠናቀቁ እንኳን ደስ ያለዎ!

፫. ልጅቷ በአንድ ጎኗ ብቻ ማላመጥ ስትጀምር እናቷ ይዛት መጣች፤ እርስዎም ፎቶውን እያሳዩ የእናት ጭንቀት ነው ብለው በፈገግታ ሸኟት። ራጁ ያኔ ከክርንዎ ሥር ነበር። ባያውቁ ኖሮ አዝን ነበር እንጂ አልቀየምዎትም፤ እርስዎ ግን እያወቁ! በእነዚያ ወራት ሁሉ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው፣ አንገትዎን ለምላጬ ሰጥተው፣ ልጅህ እንዴት ናት እያሉ ይጠይቁኝ ነበር እኮ። አንገትዎን አምነው ሰጡኝ፤ እኔም የልጄን አፍ አምኜ ሰጠሁዎት። አንጀቴን ያሳረረው ይኸው ነው።

፬. አንደኛው መንጋጋ መግል ይዞ ተነቀለ፤ ራጁ ከመሳቢያዎ ወጥቶ የተነሳበትን ቀን ያነበብኩትም ያኔ ነው። ሁለተኛው አሁንም በሙሌት ይተርፋል ተብሏል፤ ችግሩ ልጄ አፏን ለማንም አልከፍትም ማለቷ ነው። ሌላ ሐኪም ዘንድ ብንወስዳት፣ ጤነኛ ነሽ ያሉኝም ሐኪም ናቸው ብላ ከንፈሯን ግጥም አደረገች።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ነጭ ጋዎንዎን አውልቀው ቤታችን ይምጡ፤ አጠገቧ ቁጭ ብለው እያወቁ እንደደበቋት ይንገሯት፣ ይቅርታም ይጠይቋት። እውነቱን ከእርስዎ አፍ ከሰማች የእሷን ትከፍት ይሆናል። ጥርሱ ብዙ አይጠብቅም፤ እባክዎ አይዘግዩ።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣
ምላጭ ይዞ እጁ ተንቀጥቅጦብዎት የማያውቀው ጎረቤትዎ

ተጨማሪ፦ ፀጉርዎ ሲያድግ ወንበሬ እንደ ወትሮው ይጠብቅዎታል። ከኋላ በኩል ያበላሸሁት ነገር ቢኖር ግን በመስታወት አላሳይዎትም፤ ጥናቴን እስክጨርስ ይታገሡኝ።