ያላነበብሽው ዓረፍተ ነገር

ውድ ባለቤቴ ጫልቱዬ፣

ከተለያየን አሥር ወር አለፈ። የሸኘንሽ በነሐሴ ዝናብ ነበር፤ አሁን ሰኔ ሊያልቅ ነው፣ የአምቦ ሰማይ እንደገና ጠቁሯል። እኛ ደህና ነን። ልጃችን ሰናይት ዘጠነኛ ክፍልን ጨረሰች። ቡናማ ሹራብሽን የምትለብሰው እሷ ናት፤ እጅጌው አጥሯታል፣ በቁመት በልጣሻለች። እኔ ደግሞ የጓሮው በር ላይ ሁለተኛ ቁልፍ አስገጥሜያለሁ። ብታይው ትስቂብኝ ነበር። ሬዲዮኑን ዛሬም ዝቅ አድርጌ ነው የምሰማው፣ የሚወራው የመንግሥት ዜና ቢሆንም። ጎረቤት «እንደምን ዋልክ» ሲለኝ ለምን ጠየቀኝ ብዬ አስባለሁ። እንዲህ ያለ ሰው እንዳገባሽ ታውቂያለሽ። የምጽፍልሽም ይኸው ጠባዬ ስላደረሰው ነገር ነው።

ያን ዓመት ታስታውሻለሽ፤ አራት ዓመት ሆነው። የምታስተምሪበት የካቶሊክ ሲስተሮች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሲስተር አስካለ በስምንተኛ ክፍል ተመራቂዎች ፊት የስንብት ንግግር እንድታደርጊ ጠየቁሽ። ልጆቹ ሚኒስትሪ ተፈትነው፣ ከሲስተሮቹ ግቢ ወጥተው ወደ መንግሥት ሁለተኛ ደረጃ የሚሄዱ ናቸው። እዚያ የሚያማትብ ልጅ እንደሚሳቅበት፣ በውይይት ክበብ ተነስቶ ስለ እምነቱ መልስ እንዲሰጥ እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ እምቢ በይ አልኩሽ። እምቢ ማለት ካልሆነልሽም ስለ ትምህርት ጥቅም ተናግረሽ ውረጂ አልኩሽ። አንቺ ግን ስለ ትሕትናና ስለ እምነት እናገራለሁ አልሽ። ከግቢው ሲወጡ ከዚያ ሌላ ምን ይዘው ይሄዳሉ ብለሽ ጠየቅሽኝ።

በእጅሽ የጻፍሽውን ሰጠሽኝ፤ ጽሑፌ ለራሴም አይነበብልኝ ብለሽ። ከሥራ ሰዓት በኋላ በመሥሪያ ቤቴ የጽሕፈት መኪና፣ መሀሉ ካርቦን ወረቀት አግብቼ፣ በሁለት ቅጂ መታሁልሽ። አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለሲስተር አስካለ። በእጅ የተጻፈውን ምድጃ ውስጥ ጨምሬ እስኪነድ ድረስ ቆሜ አየሁ። ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆንኩ እያሰብኩ ነበር።

የምረቃው ዕለት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። «ልጆቼ፣ ትሕትና አንገት መድፋት አይደለም። ትሕትና አላውቅም፣ ተሳስቻለሁ ማለት መቻል ነው» አልሽ። ደግሞም «እምነት ስትሉ ማመንን ብቻ አታስቡ፤ መታመንም አለ። እግዚአብሔርን አምናለሁ የሚል ሰው፣ ጓደኛው የሚያምነው ሰው ይሁን» አልሽ። ልጆቹ ጸጥ ብለው ሰሙሽ። እኔ ግን ሰማሁሽ ማለት አልችልም። የሰው ፊት ነበር የማየው። ከኋላ ወንበር የታሪክ መምህሩን ገመቹን አየሁት። ከጊንጪ ተዛውሮ ከመጣ ያኔ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ እንደገና ይጽፋል። ዓይኔን ከእጁ ላይ ሳላነሳ ሥነ ሥርዓቱ አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች መጥተው ከክፍል ወሰዱሽ። ለአጭር ጥያቄ ነው አሉ። ስድስት ቀን ቆየሽ። ስትመለሺ ፊትሽ ከስቶ፣ ድምፅሽ ዝቅ ብሎ ነበር። አልመቱኝም፣ አስፈርመው ለቀቁኝ አልሽኝ። አንድ ነገር ብቻ ጨመርሽ፤ ንግግርሽን ከወረቀት እያነበቡ እንደጠየቁሽ።

«ገመቹ ነው» አልኩሽ።

«ገመቹ አይደለም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ዝም አልሽ። ያ ዝምታ ለእኔ ሌላ ነገር ሆነ። ይህን ዛሬ ሳልደብቅ ልንገርሽ፦ አንቺንም ጠረጠርኩ። ለዚያ ሰው ለምን ትከላከላለች አልኩ። ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ስትዘገዪ ሰዓቴን አይ ነበር።

ለገመቹ ሰላምታ ነፈግኩት። በዚያም አላበቃሁም። ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ፣ እድር ላይ አጠገቤ ለሚቀመጡት፣ ለሰናይት አስተማሪዎች ሳይቀር፣ እሱ ባለበት አፋችሁን ጠብቁ አልኩ። ይህን አደረገ ብዬ ከስሼው አላውቅም፤ አስፈላጊም አልነበረም። በዚህ ዘመን ስለ አንድ ሰው «ተጠንቀቁ» ከተባለ የቀረውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። እሱ ሲገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። ምሳውን ብቻውን የሚበላ ሰው ሆነ። እናቱ ጊንጪ ሲሞቱ ከአምቦ ለቅሶ የደረሱት ጥቂት ነበሩ፤ ከእነሱ አንዷ አንቺ። በጠዋቱ አውቶብስ ብቻሽን ሄደሽ ማታ ስትመለሺ፣ ሳምንት ሙሉ አላናገርኩሽም። አንቺም አልተከራከርሽኝም። ራት አቅርበሽ፣ ጸሎትሽን አድርሰሽ ትተኚ ነበር።

ቀብርሽ ላይም መጥቶ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ከሰው ገለል ብሎ ዝናቡ ውስጥ ቆሟል። ሊያጽናናኝ ሲጠጋ ፊቴን አዞርኩበት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሲስተር አስካለ ቤት መጡ። ለዘንድሮ ተመራቂዎች ስለ አንቺ እንድናገር ፈልገው ነው።

«ሲስተር፣ እኔ ተናጋሪ አይደለሁም» አልኳቸው።

«ጫልቱም ተናጋሪ አልነበረችም። ይህ ይረዳሃል» አሉና የእሳቸውን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ።

እኔ ራሴ የመታሁትን ወረቀት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር በእርሳስ ተሰርዟል፦ «በስብሰባ አብዝቶ የጮኸ ሁሉ እውነቱን የያዘ አይምሰላችሁ።» ይህን ማን ሰረዘው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ነኝ። መድረክ ላይ ስትደርስ ፈርታ ዘለለችው። ሳትናገረው የቀረውን ለማስታወስ ምልክት አደረግኩበት።» ጣታቸውን መስመሩ ላይ አኖሩ። «በምርመራው ግን አንብበውላታል፣ ኦቦ ታደሰ። ስድስቱንም ቀን የጠየቋት ስለዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት። ከኋላ ተቀምጦ በጆሮው የሰማ ሰው ያልተነገረ ዓረፍተ ነገር ሊጽፍ አይችልም። የሲስተር ቅጂ ከተቆለፈ መሳቢያቸው አልወጣም። ያንቺን ቅጂ ከመድረክ እንደወረድሽ ለሰናይት ሰጥተሻት ነበር፤ ዛሬም ልብስ ሣጥናችን ውስጥ አለ። የእጅ ጽሑፍሽን አቃጥዬዋለሁ። የቀረው ካርቦኑ ነው። አዲስ ካርቦን ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ የተመታበትን አዲስ ካርቦን ወደ መስኮት ቢያነሱት ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ ታይፕ የሚመታ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እኔ በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ትቼው ወጥቼ ነበር።

«ጫልቱ ታውቅ ነበር?» አልኳቸው።

«እንደተለቀቀች ነው የገባት። ታደሰ ይህን ቢያውቅ ለራሱ ምሕረት አይኖረውም አለችኝ። ወደ ገመቹ ሄዳ ነገረችው፣ በአንተ ፈንታም ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም ግድ የለም፣ እኔን ይጥላኝ አላት።»

ሲስተር ከሄዱ በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ቀረሁ። በራሴ አፈርኩ። አንቺንም ተቀየምኩሽ፤ ለሟች ቂም አይያዝም ቢባልም አልዋሽሽም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰውዬውን ስበድለው እያየሽ፣ ለእኔ አዝነሽ ዝም አልሽ። የእኔን ሸክም እሱ ጫንቃ ላይ አደረግሽው። በዚህ አንቺም ተሳስተሻል። ይህን የምልሽ ፊት ለፊት ብትሆኚ «እውነትህን ነው» እንደምትዪኝ ስለማውቅ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ምረቃው ላይ ተናገርኩ። ወረቀት አልያዝኩም። መድረክ ላይ ስወጣ ከኋላ በኩል ካኪ የለበሰ የማላውቀው ሰው አየሁ። ስለ ትምህርት ጥቅም ተናግሬ ልውረድ ብዬም አስቤ ነበር። ልጆቹን ሳያቸው ግን ሁሉም አዲስ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ቁጭ ብለዋል፤ ከመስከረም ጀምሮ ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሆነ እየተጠራጠሩ ሊኖሩ ነው።

«መምህርት ጫልቱ ለታላላቆቻችሁ ስለ ትሕትናና ስለ እምነት ነግራቸዋለች» አልኳቸው። «እኔ ባሏ ነኝ፤ ከእሷ ግን አልተማርኩም። ያላየሁትን አየሁ ብዬ አንድ ሰው ጠረጠርኩ፣ ሌላውም እንዲጠረጥረው አደረግኩ። ሰውዬው ምንም አላደረገም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከዚህ የበለጠ የምመክራችሁ የለኝም። እሱም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው።»

ከመድረክ ወርጄ በወንበሮቹ መሀል ወደ ገመቹ ሄድኩ። እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ዲሲ፣ ኦቦ ታደሰ፣ ተው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልጆቹ ምስክር ወረቀታቸውን እየጠበቁ ነው።»

አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝና ተቀመጥኩ። ሥነ ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ ያን ዕለት ምን ይጽፍ እንደነበር ጠየቅኩት። ምስክር ወረቀት ላይ የሚገባውን የተመራቂዎች ስም ከመዝገብ ጋር ያመሳክር ነበር፤ የሁለት ልጆች የአባት ስም ተሳስቶ ነበርና። ሁለታችንም አልሳቅንም። ለእናቱ ሳላለቅስ መቅረቴን ነገርኩት። «ጫልቱ ባንተም ፈንታ አልቅሳለች» አለኝ። ይቅር ብሎኛል ወይ ብትዪኝ አላውቅም። ሰላም ግን ይለኛል፤ እኔም እመልሳለሁ፤ እድር ላይም ስሙን ያጠፋሁባቸውን አንድ በአንድ እየዞርኩ ተሳስቻለሁ እያልኳቸው ነው። አንዳንዶቹ ያምኑኛል። አንዳንዶቹ ደግሞ ይህን እንድል ማን እንዳዘዘኝ እያሰቡ ያዩኛል፤ ከእኔ የተማሩት ነው።

አሁን የቀረኝን ልንገርሽ። ካርቦኑን ከመሳቢያዬ ያነሳ አንድ ሰው አለ፤ ዛሬም አብሮኝ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ሰኞ ቢሮ ገብቼ የባልደረቦቼን ፊት አንድ በአንድ ስመለከት ራሴን አገኘሁት። ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ሰው ንግግርሽን የመታሁበት ዕለት አምሽቶ ነበር፤ ቁልፍም ነበረው። ልቤ ሥራውን ጀመረ። በተጋባን ሰሞን ስለ ሰው በነገርኩሽ ቁጥር ሥራሽን ሳታቋርጪ አንዲት ነገር ትጠይቂኝ ነበር፦ «አይተሃል ወይስ መስሎህ ነው?» እኔ እናደድ ነበር። ሰኞ ዕለት ግን ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፌ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣ «መስሎኝ ነው» አልኩሽ። ከዚያ ሰውዬውን እንደምን አደርክ አልኩት።

በየቀኑ እንዲህ እንደሚሳካልኝ ቃል አልገባልሽም፤ ታውቂኛለሽ። እስካለሁ ድረስ ግን በሰው ላይ ልፈርድ ስል የማስታውሰው ያንቺን ጥያቄ ይሆናል፤ ሰናይትንም አስተምራታለሁ።

ያንቺው ታደሰ