ሻዬ እስኪበርድ በር ላይ ላቆሙኝ ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ላገባ ነው። ሰላምታውን ረስቼው አይደለም፣ ይደርሳል፤ ግን ይህን ወሬ አፌ ላይ ይዤ ማደር ስላቃተኝ ይቅደም ብዬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ ስንትና ስንት መጽሐፍ ስጠርዝ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ ላገባ ነው፤ ለዚህም ያበቁኝ እርስዎ ነዎት።

ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን አስተዳደር ኃላፊ፣ እንደምን ሰነበቱልን? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ወንበርዎ ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ ብል ያንስብኛል። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት በእጅዎ ልሰጥዎ ጠልቼ ሳይሆን፣ ጸሐፊዎ በሄድኩ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች ስለመለሰችኝ ነው፤ ደግሞም እንዲህ ያለ ውለታ በእኔና በእርስዎ መካከል ተደብቆ እንዲቀር ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ፤ ማሳጠር እንደማይሆንልኝ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። እኔ የመጠረዣ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የማገባው ሰው የበር ፈታሻችን ነው፣ ሠራተኛው «አቶ ቆይ» የሚለው። እርስዎ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ሌላ ከተማ ወዳለው መጋዘናችን አዛውረውታል። የመሥሪያ ቤታችን ደንብ ግን ባልና ሚስት በዝውውር አይለያዩም ይላል። ስለዚህ ከሰኞ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄደን ከተፈራረምን ዝውውሩ ይቀራል፣ ካልተፈራረምን ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ማዘጋጃ ቤቱ በሥራ ቀን ብቻ ስለሚከፈት ሁለታችንም የአንድ ቀን ፈቃድ ጠየቅን፤ እርስዎም «ወቅቱ የካላንደር ሥራ የሚበዛበት በመሆኑ» ብለው ከለከሉን። እዚህ ላይ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ያደረጉልኝን በጎ ነገር ሁሉ በተራ በተራ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ የውሃ ማፍያችንን ስለወሰዱልን። መስኮታችን ሥር አንዲት የኤሌክትሪክ ማፍያ ነበረችን፤ በሻይ ሰዓት ከወንበራችን ሳንርቅ ጠጥተን ወደ ሥራችን እንመለስ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የእርስዎ እንግዳ ክፍላችንን እየተዘዋወሩ ሲጎበኙ፣ ከእርስዎ ቢሮ ይዘውት የመጡትን ስኒ ቡና ታትሞ ባለቀ የካላንደር ክምር ላይ ደፉት፣ የመጀመሪያው ወር እንዳለ ቡናማ ሆኖ ቀረ። በማግስቱ የእኛ ማፍያ ተወሰደች። ማፍያዋ በዚያ ሰዓት ጠፍታ፣ ገመዷም ተነቅሎ ነበር ብለው የተከራከሩ የሥራ ባልደረቦች አልጠፉም፤ እኔ ግን ዝም አልኩ፣ ዛሬም ዝም በማለቴ ደስ ይለኛል። ማፍያዋ ባትወሰድ ኖሮ ታላቅ እህቴ «አንቺ ሻይ ካልጠጣሽ ሰው ትነክሻለሽ» ብላ ፔርሙሷን አትሰጠኝም ነበር። ከውስጥም ከውጭም ብረት ናት፣ ጎኗ ትንሽ ጎድጎድ ያለ፤ ጠዋት የሞሉባት ሻይ ማታም ምላስ ይልጣል።

ሁለተኛ፣ «እንፋሎት የሚወጣው ማንኛውም መጠጥ ከበር አያልፍም» የሚለውን መመሪያ ስላወጡልን። እንፋሎት ወረቀት ያጣምማል ብለው ነው፤ የእርስዎ የወረቀት ፍቅር ለማንም ግልጽ ነው። ፔርሙስ አልተከለከለም፣ የተከለከለው ሙቀቱ ነው። በዚህም ምክንያት በየጠዋቱ ክዳናችንን ከፍተን፣ ሻያችን ሕጋዊ እስኪሆን ድረስ በር ላይ ተሰልፈን መጠበቅ ጀመርን። የመቁረጫ ማሽኑ ሠራተኛ ፔርሙሱ ክዳኗ ስለማይገጥም መንገድ ላይ በርዳ ትመጣለች፤ እሱ ሳይቆም ይገባል። የእኔዋ ደህና ዕቃ በመሆኗ ከሰልፉ ሁሉ መጨረሻ የምቀረው እኔ ነኝ። ሥራውን በደንብ የሠራ ዕቃ ባለቤቱን የሚያስቀጣበት አሠራር ሌላ ቦታ ቢሆን ያስገርም ይሆናል፤ እኛ ግን ለሰውም እንዲሁ ስለሆነ ቶሎ ለመድነው።

ፈታሻችን ስሙን ያገኘው ያኔ ነው። ወንዱን «ቆይ፣ ትንሽ ይብረድ» ይለዋል፣ ልጃገረዶቹን «ቆዪ» ይላቸዋል፣ እኔን ደግሞ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ይቆዩ እትዬ» ይለኛል። ሌላ ቃል አልነበረውም። እኔ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ፊት ዝም ማለት አልችልም።

ሦስተኛ፣ በር ላይ የነበረውን አግዳሚ ወንበር ስላስነሱልን። «ወንበር ወሬ ያበዛል» ብለዋል አሉ። እግዜር ይስጥልኝ። ሰው ተቀምጦ ሲያወራ አንዱ ከወዲህ ጫፍ አንዱ ከወዲያ ጫፍ ነው፤ ቆሞ ሲያወራ ግን፣ በተለይ ዝናብ ሲጥል፣ የፈታሹ ክፍል ጣራ ጠባብ ስለሆነች ትከሻ ለትከሻ ነው። እዚያች ጣራ ሥር ነው ባለቤቱ ከሞተች ወዲህ እንቁላል ከመጥበስ በቀር ምንም አብስሎ እንደማያውቅ የነገረኝ። እኔም ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ ማታ ማታ ከሬዲዮ ጋር እንደምከራከር ነገርኩት። «ማን ያሸንፋል?» አለኝ። «እኔ ነኛ፣ እዘጋዋለሁ» አልኩት። ሳቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁት።

አንድ ጠዋት አዘነልኝና ምክር ሰጠኝ። «ከመሙላትዎ በፊት በፈላ ውሃ የሚያለቅልቋት ከሆነ ይተዉት፣ እስከ አንገቷም አይሙሏት፤ ቶሎ ትበርድልዎታለች» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ማለቅለቅ የሚባል ነገር እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በፈላ ውሃ ሳላለቀልቃት ሻይ ሞልቼባት አላውቅም፣ እስከ አንገቷም ጢም አድርጌ እሞላታለሁ። ቡናና ሻይ ደግሞ አንድ ፔርሙስ ውስጥ ሲፈራረቁ ሽታቸው ስለሚያጣላቸው፣ ለቡና የምትሆን ሌላ ፔርሙስ ጨመርኩ። ሁለት ፔርሙስ ሁለት ክዳን ነው፣ ጥበቃውም በዚያው ልክ። መመሪያዎ መጠጡ ይብረድ ይላል እንጂ ባለቤቲቱ ትቸኩል የሚል ቃል የለበትም። እሱም በበኩሉ የእኔን ክዳን «ለጥንቃቄ» እያለ በግማሽ ብቻ ይከፍተው እንደነበር የነገረኝ አሁን፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። «ይቆዩ» ማለቱን ትቶ «ቆዪ» ያለኝ ቀን መንገዱን ሙሉ እየሳቅኩ ነው ወደ ክፍሌ የገባሁት፤ የክፍላችን ልጆች «እትዬ፣ ሎተሪ ወጣልዎት እንዴ?» አሉኝ።

አራተኛ፣ ስላዛወሩት። ሳል ይዞኝ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ፔርሙሴን ሳይከፍት አሳለፈኝ። ይህንንም ሰው ነገረዎት፤ ሰው የማይነግርዎ ነገር የለም። የዝውውሩ ደብዳቤ በማግስቱ ደረሰው። በር ላይ ስደርስ ለአንድም ሰው «ቆይ» አይልም፣ ሰልፉ ዝም ብሎ ይገባል። እሱ ቆሞ የእኔን ፔርሙስ ያያል።

«ከሰኞ ጀምሮ መጋዘን ነኝ» አለኝ። «እዚያ ሠራተኛም የለም፣ ፔርሙስ የሚይዝም የለም።»

«እኔ አመጣልሃለሁ» አልኩት፤ የት እንደሆነ እንኳን ሳልጠይቅ።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ይሄን ያህል ከምትመላለሺ» አለና ክዳኔን ደግሞ ደጋግሞ አጠበቀው፣ «አንድ ቤት ብንሆን አይቀልም?»

የተከበሩ ኃላፊ፣ ይህ ሰው በር ላይ ቢተዉት ኖሮ ጡረታ እስኪወጣ «ቆዪ» ሲለኝ ይኖር ነበር። የቆረጠው እርስዎ ስለገፉት ነው። ለዝውውሩ ብለው ነው የሚጋቡት የሚሉ እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ለዝውውር ብሎ የእኔን ወሬ ዕድሜ ልኩን የሚሸከም ሰው ካለ ይምጣና ይጠይቀኝ።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ፈቃድ ስለከለከሉን። እዚህ ላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ነው። ክልከላውን ያነበብኩ ለት፣ አልዋሽዎትም፣ መጠረዣው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ሰኞ አልፎ ብቻዬን እዚያ በር ላይ ስቆም ታየኝ። በኋላ እንባዬን ጠርጌ ሳስበው፣ ደብዳቤዎ ስለ ሥራ ሰዓት እንጂ ስለ ምሳ ሰዓት የሚለው ነገር የለም። ማዘጋጃ ቤቱ ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው፣ እነሱም በምሳ ሰዓት በተራ ይሠራሉ፤ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዘናል። ፈርመን፣ ሰዓታችንን አክብረን ተመልሰን፣ እኔ ወደ መጠረዣዬ እሱ ወደ በሩ እንገባለን። አንድም ካላንደር አይጎድልብዎትም። የጋብቻ ወረቀታችንን ግልባጭ የዚያኑ ቀን ለጸሐፊዎ እሰጣታለሁ፤ ስብሰባ ላይ ቢሆኑም ግድ የለም፣ ደንቡን ያረቀቁት ራስዎ ስለሆኑ ማብራሪያ አያስፈልግዎትም።

ድግሱ ከበሩ ውጭ፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ነው፤ መመሪያዎ እስከ በሩ ድረስ ብቻ ስለሚሠራ ሻዩ እዚያ እንዳሻው ይተንናል። የሚመጣ ሰው ስኒውን ይያዝ፣ ፔርሙስ ያለው ፔርሙሱን ሞልቶ ይምጣ፣ ቡናውን ለብቻ ሻዩን ለብቻ። ለእርስዎ ወንበር ተዘጋጅቷል፤ ያቺ አግዳሚ ዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ ጠጥታ ስትኖር አግኝተን ወልውለናታል።

ዕድሜና ጤና ሰጥቶዎ፣ የሚከለክሉት ነገር ሳይጎድልብዎ፣ ሌሎች ብቸኛ ሠራተኞችንም እንዲሁ እያገቱና እያዛወሩ ለወግ ለማዕረግ እንዲያበቁ የሁልጊዜም ምኞቷ የሆነ፣ ውሳኔዎን ሁሉ ቆማ ያከበረች፣

የመጠረዣ ክፍሏ ባለፔርሙስ

ሳልረሳው፦ በጥሪ ካርዱ ጉዳይ እንዳይቀየሙኝ። በራሳችን ማተሚያ ቤት ላሳትመው ፈልጌ ትዕዛዝ ክፍልን ብጠይቅ፣ ካርዱ ከካላንደሩ በኋላ፣ ካላንደሩ ደግሞ አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ እንደሚደርስ ስለነገሩኝ፣ ከመንገዱ ማዶ ላሉት ተፎካካሪዎቻችን ወሰድኩላቸው። ሻይ ጋበዙኝ፣ ትኩስ፤ ሻዩን ሳልጨርስ ካርዱ ታትሞ መጣ። የዚያ ማተሚያ ቤት ባለቤት በጨዋታ መካከል ጥሩ ጠራዥ እንደሚፈልግ፣ አስተዋይ የበር ሰው ቢያገኝም እንደማይጠላ አንስቶልኛል፤ እናስብበታለን ብዬዋለሁ። ካርዱ ለሁሉም ሰው ስለማይዳረስ የተጻፈውን እዚሁ ልገልብጠው፦ የፊታችን ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ በሻይ ሰዓት፣ ሁላችሁም እንዳትቀሩ።