ፍሪጅ ውስጥ ስላሉት የታዴዎስ ጠርሙሶች

ሄሊና፣

ጎሮ እህቴ ቤት ሄጃለሁ፤ እራት አትጠብቂኝ።

ፍሪጅ ውስጥ ላሉት፣ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ለሚያጸዱት ባክቴሪያዎች ምግባቸውን ቀይሬላቸዋለሁ። መብራት ከጠፋ ጠርሙሶቹን በረዶ ያለበት ባልዲ ውስጥ አስቀምጪያቸው።

ትናንት ጉርድ ሾላ ጥናቱን ስታቀርቢ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። «እኔ ያገኘኋቸው» ስትይ ሰማሁ።

ከወንዝ ጭቃ ለይቶ ያወጣቸው ባለቤቴ ታዴዎስ ነው፤ አንቺ ያኔ ተማሪው ነበርሽ። ሲሞት ቤቴን የከፈትኩልሽ፣ ደብተሮቹንም የሰጠሁሽ ሥራውን እንድትጨርሺለት ነበር። ስሙን አንዴ እንኳ አላነሳሽም።

ሰኞ ሳታጥቢ ስለተውሻቸው የእራት ሳህኖች የተናገርኩሽ ግን በዝቷል፤ ይቅርታ።

ደብተሮቹን ይዤያቸው ሄጃለሁ። ባክቴሪያዎቹን ልወስድ አልቻልኩም፤ እህቴ ቤት ፍሪጅ የለም። ስለዚህ ለእነሱ ስል አንቺን ማመን ግድ ሆኖብኛል።

ቤቴል