ከፋሲካ በፊት ለእማዬ ንገሪያት

አምቦ፣ መጋቢት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ቤይሩት ላለችው እህቴ ለቢሊሴ

አካም ጂርታ እህትዓለም! እኛ ደህና ነን፣ እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ። ባጃጅ እንደኔ የሚያበር አምቦ ውስጥ የለም፣ እስከ ጉደር ጠይቂ። ስልክ እያለ ምን ያስጽፈዋል እንዳትይ። ይሄን ነገር በስልክ ልልሽ ስሞክር፣ ይሄ አገር ያወቀው አፌ ተለጎመ። የሰፈራችን ልጅ ጣቢታ ለስራ ወዳንቺ አገር ስለምትመጣ በሷ ላኩት።

ትናንት ሁሉቃ ወንዝ ጋ ቆሜ ትዝ አልሽኝ። ከድንጋዩ ላይ ዘለሽ ስትገቢ ወንዶቹን ሁሉ ትቀድሚ ነበር፣ እኔንም ጭምር፣ ይሄን ለማንም አላወራም። ወይ ጊዜ! ከዛ ያቺ የቅቤ ገንፎ የበላንባት ቀን መጣች። እኔ ድግስ መስሎኝ ስጨፍር አንቺ ጓዳ ውስጥ ትጮሂያለሽ። ከዛ ወዲያ ውሃ አልገባሽም፣ ዳር ቁጭ ብለሽ የኛን ልብስ መጠበቅ ሆነ ስራሽ።

አሁን ወረፋው የልጄ የሴና ሆኗል። መልኳ ቁርጥ እኔን ነው፣ ቆንጆ! ባለፈው ሰሞን እማዬ ገራዧን፣ አዴ ደብሪቱን፣ ከገጠር አስመጣች። እኔ በሩ ላይ ተገተርኩ።

"ካልተገረዘች ዕቃ ሰባሪ ነው የምትሆነው፣ ዓይን አውጣም ትሆናለች። ማን ያገባታል?" አለች እማዬ።

"ቢሊሴ ተገርዛ የለ እንዴ? ታዲያ የዚህን ቤት ብርጭቆ ማን ጨረሰው?"

አዴ ደብሪቱ ራሳቸው በሳቅ ፈረሱ። እማዬ ግን፣ "ዝም በል አንተ ባለጌ! ወንድ ልጅ ምን አገባህ?"

"አባቷ ነኛ!"

ሚስቴ ዱሬቲ ልጅቷን ታቅፋ ከኋላዬ ተወሽቃለች፣ አማቷን እንደሆነ ትፈራታለች። መጨረሻ ላይ የገላገለን ጾሙ ነው። አዴ ደብሪቱ "ቅቤ በማይበላበት ወር እጄን አላነሳም" ብለው ከፋሲካ በኋላ ሊመለሱ ቀጠሩ። ሕግ አለ ብዬ ብፎክር እማዬ፣ "እኔም ተገርዣለሁ፣ ወልጃችኋለሁ፣ ምን ሆንኩ?" ትለኛለች።

ቢሊሴ፣ ዱሬቲ ነግራኛለች። አትቆጪያት። ምጡ ለምን እንደጠናብሽ ሐኪሟ ያለችሽን፣ ሕፃኑ ለምን እንዳልተረፈ፣ ከሚልኪያስ ጋር ለምን እንደተፋታችሁ። እማዬ እስከ ዛሬ "ልጄን የሰው ዓይን በላት" እያለች ማርያም ሄዳ ሻማ ታበራለች።

እኔ ማንንም እገጥማለሁ፣ ታውቂኛለሽ። ግን ስራ ስወጣ በሩ ላይ ማን ይቆማል? እማዬ እኔን ጉረኛ ነህ ትለኛለች፣ አንቺን ግን ታምናለች። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደውይላት። ስልኩን ሰጥቻት ሴናን ይዤ ደጅ እወጣለሁ፣ አልሰማሽም፣ እንዳታፍሪ። ሁሉንም ንገሪያት። ካለቀሰች ዝም ብለሽ ጠብቂያት እንጂ ስልኩን እንዳትዘጊባት።

በሰው አገር ማርያም ከፊትሽ ትቅደም።

ወንድምሽ ኤቢሳ፣ የሴና አባት